«ሲስተር» ሲሉኝ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት «ሲስተር!» የሚል ድምፅ ስሰማ ወደ ኋላዬ ዞር እል ነበር። ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል። ዲግሪው አለ፤ የብቃት ምዘናውንም አልፌያለሁ፤ ጋዋኔም በደንብ ተተኩሷል። ግን ዋርዱ በር ላይ ስደርስ የተማርኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል።

የተማርኩት ሌላ ከተማ ነው፤ ጎንደር የመጣሁት ሥራ አግኝቼ ነው። ይህች ከተማ ደግሞ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት። ከፒያሳ የሚያደርስሽ ባለባጃጅ እንኳ ጋዋንሽን አይቶ «የትኛው ዋርድ ነሽ?» ይልሻል። እንዲህ ባለ ቦታ «አላውቅም» ማለት አፍ ላይ ይተናነቃል።

የመጀመሪያዋ ናይቴ ኅዳር ውስጥ ነበረች። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ አስታማሚው ጋቢውን ተከናንቦ አልጋ ሥር ተኝቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የአንዲት እናት ግሉኮስ መውረዱን አቆመ። ሳየው ካኑላው፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ ከደም ሥሩ ወጥቶ እጃቸው አብጧል። አዲስ ላይን መክፈት አለብኝ።

አረንጓዴውን ካኑላ አነሣሁ፤ ወፍራሙን፣ 18 ቁጥሩን። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ዛሬም አይገባኝም፤ በፕላስቲክ ክንድ የተለማመድኩት በሱ ስለሆነ ይሆናል። ክንዳቸውን በጓንት ቁራጭ አሰርኩና ወጋሁ። ደም የለም። ሌላኛው እጅ ላይ ስወጋ ደም ብልጭ አለና ቆዳው ሥር እብጥ አለ። ሦስተኛውን ልሞክር ስል ወለሉ ላይ ተኝቶ የነበረው ልጃቸው ተነሥቶ ቆመ። ምንም አልተናገረም። መቆሙ ብቻ በቂ ነበር። እሳቸው ግን «የኔ ዓለም፣ እጅሽ እኮ ይንቀጠቀጣል። እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ። የታመሙት እሳቸው፣ የምጽናናው እኔ!

ሄጄ የተራ ጓደኛዬን ጠራኋት። በዋርዱ ከሁሉም የቆየች ስለሆነች «ትልቋ ሲስተር» ነው የምንላት። አረንጓዴውን ካኑላ አየችና ሳትናገር ወደ ትሪው መለሰችው። ሰማያዊውን፣ ቀጭኑን 22 ቁጥር አወጣች። ጓንት ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሞልታ ቋጠረችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። ክንዳቸውንም ከአልጋው ዝቅ አድርጋ አንጠለጠለችው። «በዚህ ብርድ ደም ሥር ይደበቃል፤ መጀመሪያ አሙቂው» አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ብቻ ትፈልግ ጀመር። «የሚታየውን ተዪው። ስትጫኚው ነጠር የሚለውን ነው የምትፈልጊው» ብላ ጣቴን ይዛ እዚያው ላይ አስቀመጠችው። ባንዴ ገባላት። ለእኔ የሰጠችኝ ትእዛዝ አንድ ነው፦ ሁለት ጊዜ ከሳትኩ ሦስተኛውን ሳልሞክር ሰው እንድጠራ።

ጠዋት አንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ብዙ የሚወራ ነገር የለውም፤ ሁሉም እዚያው ክፍል ገብቶ እንደሚያለቅስ በኋላ ሰምቻለሁ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሳላውቅ ያወቅሁ መምሰሌን ለመተው ወሰንኩ። አፍ ላይ ቀላል ነው። አንዱን ባልደረባዬን ስለ አንድ መድኃኒት አበጣበጥ ብጠይቀው «ይህን ሳታውቂ ነው እንዴ የተመረቅሽው?» አለኝ፣ በታካሚ ፊት። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ሌላ ነገር ጠየቅሁት፤ ምን ላድርግ፣ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ በተራው አልነበረም።

ከርክክቡ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እየገባሁ ቻርቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። ኪሴ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያዝኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ የጻፍኩት፦ ፖታሲየም ሳይበጠበጥ በደም ሥር አይገፋም። ከሥሩ፦ ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲኩ) እና ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ) በአንድ መስመር አይገናኙም። ሁለቱንም ፈተና ላይ መልሻቸዋለሁ። ግን ፈተና ላይ ማንም ሰው «ሲስተር፣ ልጄ ተንፈራገጠ!» እያለ አይጠራሽም።

የጠብታ ሒሳብም እንዲሁ ነው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ከታዘዘ፣ በ20 ጠብታ አንድ ሚሊ በሚያወርደው ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ማሽን ከሌለ ሰዓትሽን እያየሽ ነው የምትቆጥሪው። ሌሊት አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ያደናግራል፤ መሃል ላይ ሰው ይጠራሻል። ስለዚህ በ15 ሴኮንድ 10 ወይም 11 ጠብታ ብዬ መያዝ ጀመርኩ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እፎይ አሰኝታኛለች።

ደብተሬ ያላዳነኝ ቦታም አለ። አንድ ገበሬ ከሆስፒታል ሲወጡ እንክብላቸውን ሰጥቼ «በየስምንት ሰዓቱ ይውሰዱ አባ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። በአራተኛው ቀን ተባብሶባቸው ተመለሱ። መድኃኒቱ አላለቀም፤ ሊያልቅ እንኳ አልተቃረበም። ስጠይቃቸው «እንዳልሽኝ እኮ ነው፤ በየቀኑ በስምንት ሰዓት አንድ አንድ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። እሳቸው የሰሙት ከምሳ በኋላ ያለውን ስምንት ሰዓት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቻርት ላይ የሚጻፈውን ቋንቋ ነው ሳልፈታ የሰጠኋቸው።

ከዚያ ወዲህ «በየስምንት ሰዓቱ» የሚለውን ቃል ለታካሚ አልናገርም። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» እላለሁ። ከዚያ «እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» እላቸዋለሁ። አንዳንዶች ይሥቃሉ፤ ፈተና ይመስላቸዋል።

ጥምቀትን ዋርድ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ፣ ጭፈራው በመስኮት ይገባ ነበር። በዚያው ሰሞን ከመተማ በኩል፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ የታመመ አንድ ወጣት ገባ። ካላዛር። ስለ ካላዛር የማውቀው የአሸዋ ዝንብ እንደሚያስተላልፈው፣ ትኩሳቱ እንደማይለቅና ጣፊያ እንደሚያሳብጥ ነው፤ ከማስታወሻ የቃረምኩት። የልጁ ፊት ከስቷል፤ ሆዱ ግን ተወጥሯል። ሕክምናው በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው፣ ለ17 ቀን።

መጀመሪያ ቀን ፊት ለፊት ነገርኩት፦ «ይህን መርፌ ለሰው ስሰጥ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። አንብቤያለሁ፤ ትልቋ ሲስተር አጠገቤ ትቆማለች።» ደነገጠ ብዬ ነበር። «እኔም የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ካስመለሰው ወይም ሆዱን ከቆረጠው ዝም እንዳይል ነገርኩት፤ መድኃኒቱ ቆሽት ሊነካ ይችላል። እሱ ደግሞ የማስታወሻዬ ግማሽ ሆነ። «ትናንት ግራ ነበር ሲስተር፣ ዛሬ ቀኝ» ይለኛል። አልጋው ብረት ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በየቀኑ አንድ ጭረት ይጨምራል።

የመጨረሻውን መርፌ ስነቅል «ቁጠሪ» አለኝ። ቆጠርኩ፤ 16። «የዛሬውን አንቺ ጨምሪው» ብሎ እስክሪብቶዬን ከጋዋኔ ኪስ መዝዞ አቀበለኝ።