የአባቴ ቤልጅግ፣ ጨውና የፈላ ውሃ

ሰሞኑን ጎንደር ቤተሰብ ጋ ነበርኩ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል አባቴ "እስቲ ያንን አምጣውና እንወልውለው" አለኝ። ያንን ማለት ከአያቴ የወረሰው ቤልጅግ ጠመንጃ ነው፣ ፈቃድ አለው፣ አመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ነው የሚውለው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ሁለታችንም አየን (እሱ አይቶ ቢሰጠኝም እኔ ደግሜ አያለሁ፣ አይከፋውም፣ ያስተማረኝ እሱ ነው) ከዛ መቀርቀሪያውን አውጥቼ በርሜሉን ወደ መስኮቱ አዙሬ ከኋላ ሳይ ምን ልበላችሁ፣ መስታወት መምሰል የነበረበት ውስጡ የምጣድ ቂጥ መስሏል።

አባቴ ደግሞ ዝርክርክ ሰው አይደለም። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሁለት ሶስቴ ተኩሶበት ነበር (የሰርግ ተኩስ አልወድም፣ ወደ ላይ የወጣ አረር የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም፣ ግን ማን ይሰማኛል) በነጋታው ዘይት የነካ ጨርቅ አሳልፎበታል። እስከ ግንቦት ንጹህ ነበር ብሎ ይምላል፣ አምነዋለሁም።

ጉዱ ያለው ጥይቱ ላይ ነው። የድሮ ጥይት ቀለሃ ቂጥ ላይ መርፌው የሚመታት ትንሽ ክብ ነገር አለች አይደል፣ እሷ ውስጥ ያለው ክሎሬት የሚባል ኬሚካል ሲነድ ፖታሺየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይተዋል፣ የወጥ ጨው ዘመድ በሉት። በርሜሉ ውስጥ ተለጥፎ በጋውን ድምጹን አጥፍቶ ይከርምና ክረምቱ ሲገባ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ከዛማ ዝገት ነው። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። ይሄን ለማወቅ እኔ ስልኬ ላይ ሁለት ሰአት ፈጅቻለሁ፣ እናቴ ከጓዳ ሆና "ዘይት ላይ ጨው ብትጨምር ስሩ ይቀመጣል እንጂ የት ይሄዳል" ብላ ጨረሰችው።

ስለዚህ ውሃ። አባቴ "ጠመንጃ ላይ ውሃ? ሻይ ልታፈላበት ነው?" አለ፣ ግን ውጅግራን አስታወስኩት፣ ያ በ1874 የወጣው የፈረንሳዮች ጠመንጃ በጥቁር ባሩድ ነው የሚተኩሰው፣ የሱንም ጥላሸት የሚያስለቅቀው ውሃ ነው። እያጉረመረመ ፈቀደ። የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ከኋላ በኩል በቀስታ አፈሰስንበት፣ እንጨቱን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ብረቱ ስለሚግል ወዲያው ራሱ ይደርቃል፣ ከዛ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዛ የነሐስ ብሩሽ፣ ዘይት መጨረሻ ላይ ነው።

ዘንጉን ሁሌ ከኋላ አስገቡ። ከአፈሙዙ በኩል የብረት ዘንግ ስታመላልሱበት ጫፉ ይበላል፣ አረሩ በርሜሉን የሚለቀው እዛች ጠርዝ ላይ ስለሆነ እሷ ከተበላሸች ኢላማ የለም። ክላሽ ከኋላ ዝግ ስለሆነ ግዴታ ከፊት ነው፣ ለዛ ነው የመወልወያ እቃው ክዳን ቀዳዳ ያለው፣ አፈሙዙ ላይ ገጥሞ ዘንጉን መሀል ይይዘዋል፣ ብዙ ሰው ግን ክዳኑን ጥሎታል።

ጥቁሩ ጥላሸት ቶሎ ለቀቀ። የአረሩ ልባስ የተወው መዳብ ግን በውሃም በዘይትም ንቅንቅ አይልም፣ አሞንያ ያለበት ፈሳሽ ይፈልጋል፣ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ መዳብ አለ ማለት ነው። ረጅም ሰአት አታስቀምጡት፣ ብረቱንም ይበላል፣ መስኮት ክፈቱ፣ እናቴ በሳል አባራናለች።

በሶስተኛው ቀን ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዝገቱ የበላው ግን አይመለስም፣ ወደ አፈሙዙ ጋ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ነቁጥ ነቁጥ ብሎ ቀርቷል። አባቴ አንድ አይኑን ጨፍኖ ብዙ ካየው በኋላ "እኔም ፊቴ እንዲሁ ነው" ብሎ መልሶ ሰቀለው።