የሐና ኩራዝ

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ውርጭ የባቄላ ማሳ በአንድ ሌሊት ሲያጠቁር እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ስለ ብርድ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነበው አላልፍም። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ማታ ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ስለ ፖላሪስ መርከብ ሳነብ ነው የከረምኩት። ከዚያ ታሪክ አንዲት ሴት ከሐሳቤ አልወጣ ብላኛለች።

ፖላሪስ እንደ ፈረንጆቹ በ1871፣ ጁን ማብቂያ ላይ ከኒውዮርክ ተነሳች። ያኔ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው። የላካት የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ ዓላማው ሰሜን ዋልታ መድረስ። መሪው ቻርለስ ሆል ይባላል። መርከቧ ከ82 ዲግሪ ሰሜን በላይ ደረሰች፣ ከዚያ በረዶው መንገድ ዘጋባት። ሆል አንድ ቀን ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ካደረገው ጉዞ ተመልሶ ቡና ጠጣ። ወዲያው ታመመ። ኖቬምበር 8 ሞተ። በ1968 መቃብሩ ተከፍቶ ሲመረመር ብዙ አርሰኒክ ተገኘበት። ማን እንደሰጠው፣ ወይስ ራሱ እንደ መድኃኒት እንደወሰደው፣ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሳው ለዚህ መርዝ ሲል ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ኦክቶበር 15 ቀን 1872 ሌሊት፣ ማዕበል መርከቧን ከበረዶ ጋር አጋጫት። ልትሰምጥ ነው ተባለና ስንቁን ወደ በረዶው መወርወር ጀመሩ። በዚህ መሃል በረዶው ተሰነጠቀ፣ መርከቧም በጨለማው ውስጥ ተወሰደች። 19 ሰው በረዶ ላይ ቀረ። ጆርጅ ታይሰን የሚባል መኮንን አለ፣ ዘጠኝ የመርከብ ሰዎች አሉ፣ የቀሩት ዘጠኙ ሁለት የኢኑይት፣ ማለትም የዚያ የበረዶ አገር ነባር ሕዝብ፣ ቤተሰቦች ናቸው። አምስቱ ልጆች ናቸው። ትንሹ የሃንስ ሄንድሪክ ልጅ ነው፤ መርከቧ ላይ ከተወለደ ገና ሁለት ወሩ።

ሌላኛው አባወራ ኢቢየርቢንግ ነው፤ ፈረንጆቹ ጆ ይሉታል። ሚስቱ ቱኩሊቶ ናት፤ እሷን ሐና ይሏታል። ሁለቱም ወጣት ሳሉ ለንደን ሄደው ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀርበዋል። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ስለነበር ለሆል ለዓመታት ያስተረጎመችለት እሷ ናት።

ጆና ሃንስ የበረዶ ቤት ሠሩ። መብራትና ምድጃ የሚሆን የድንጋይ ኩራዝ ግን አልነበረም። ሐናና ጆ ታዲያ የሥጋ ስንቅ የነበረበትን ባዶ ቆርቆሮ አነሱ፣ ከሸራ ጨርቅ ክር ቀደዱ፣ የአቆስጣ ስብ አደረጉበት። አቆስጣ ያ ስብ የሞላው የባሕር እንስሳ ነው። በዚያች ቆርቆሮ አበሰሉ፣ በረዶ አቅልጠው ጠጡ፣ ልብስ አደረቁ። መርከበኞቹም አይተው ሞከሩት። አንዴ ቦግ ይልባቸዋል፣ አንዴ በጭስ ይታፈናሉ። በመጨረሻ በረዶው ላይ አብረዋቸው ከቀሩት ሁለት ጀልባዎች አንዱን ሰባብረው አነደዱት!

እዚህ ላይ አያቴን አሰብኳት። እሷም ኩራዝ የምትሠራው ከቲማቲም ቆርቆሮ ነበር። «ክሩን ከፍ ካደረግሽው ያጨሳል፣ ዝቅ ካደረግሽው ይጠፋል» ትለኝ ነበር። ክሩን በጥፍሯ ቆንጠር አድርጋ ስታስተካክል ነበልባሉ ቀጥ ይላል። ለዚህ ነገር እጅ ይፈልጋል። ጀልባ ማንደድ እጅ አይፈልግም።

ስንቁ ለሁሉም ስለማይበቃ በጥቂት በጥቂቱ እየተመዘነ ይታደላል። ልዩነቱን ያመጡት ጆና ሃንስ ናቸው። አቆስጣ ከበረዶው ሥር ለመተንፈስ ትንሽ ቀዳዳ አለው። አዳኙ እዚያ ቀዳዳ ዳር ጦሩን ይዞ ይቆማል። አይንቀሳቀስም፣ አያስልም። በዚያ ጨለማና ቁር ሰዓታት ያልፋሉ፤ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። የተገኘችው ግን ለ19 ሰው ትከፋፈላለች።

በጣም ያመመኝ ደግሞ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚመግቧቸውን መርከበኞች ይፈሩ ነበር። መርከበኞቹ መሣሪያ ይዘዋል፣ ተርበዋልም። ረሃቡ ሲብስ «ልጆቻችንን ሊበሉብን ይችላሉ» ብለው ሰጉ። ታይሰንም ይህን ፍርሃታቸውን በማስታወሻው ጽፎታል። ጆ ግን ያንን ፍርሃት በልቡ ይዞ ጠዋት ጠዋት ለአደን ይወጣል። የራሱን ቤተሰብ ይዞ ወደ የብሱ ማምለጥ ይችል ነበር። አልተዋቸውም።

በረዶው ወደ ደቡብ እየነዳቸው፣ እየተሸረፈ፣ እያነሰ ሄደ። በኤፕሪል ላይ ሁሉም በቀረችው ጀልባ ተጨናንቀው ከአንዱ በረዶ ወደ ሌላው ይሸሹ ጀመር። ኤፕሪል 20 ሌሊት ማዕበሉ በላያቸው ላይ ያልፍ ነበር። ሴቶቹንና ልጆቹን ጀልባው ውስጥ አስገብተው፣ ወንዶቹ ባሕሩ እንዳይወስዳት ጀልባዋን ግራና ቀኝ ጨብጠው አነጉ። ኤፕሪል 30 ቀን 1873 ታይግረስ የምትባል የአቆስጣ አዳኝ መርከብ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ባለው በላብራዶር ዳርቻ አገኘቻቸው። 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንሳፍፈዋል። ከ19ኙ አንድም ሰው አልሞተም፤ ያ ሕፃን እንኳ።

በዘመኑ ስሙ የገነነው ታይሰን ነው። ጠንካራ ሰው ነበር፣ አልክድም። ግን እነዚህ ሰዎች በማን ምግብና በማን እሳት ስድስት ወር ተኩል እንደኖሩ ሳነብ፣ የጆና የሐና ስም ከእሱ በታች መጻፉ አይዋጥልኝም።

መርከቧ ላይ የቀሩት 14 ሰዎችስ? እነሱም ተረፉ። ፖላሪስ ግሪንላንድ ውስጥ ኢታ አጠገብ ዳር ወጥታ ቆመች። ብርዱን ያሳለፉት የኢታ ኢኑይቶች ሥጋና ቆዳ እያመጡላቸው ነው። ከዚያ ከመርከቧ እንጨት ሁለት ጀልባ ሠርተው ባሕር ላይ ወጡ፣ በጁን አንድ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ አገኛቸው። ይህ ከመሰማቱ በፊት ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ታይግረስን እነሱን ፍለጋ ልኳት ነበር። ከሞት ከተረፈ ገና ጥቂት ወር የሆነው ጆም ሊፈልጋቸው አብሯት ወደ ሰሜን ተመልሷል።