ሽልማቱ ይቅር፣ ወረቀቴን ስጡኝ

ያን ቀን የደወልኩት ለማብሰር ነበር። የምለውን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። «እንኳን ደስ አለዎት ዶክተር፤ ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ከሚያከብራቸው ዘጠኝ ስመ ጥር ምሩቃን አንዷ ሆነው ተመርጠዋል።» ከወዲያ በኩል ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ እኔ እናንተ ጋ አልተመረቅኩም። 11ኛ ክፍል እያለሁ ክፍያ አልከፈልሽም ተብዬ ነው የተባረርኩት። መዝገቡን እይው።»

ይቅርታ መጠየቄን አስታውሳለሁ። ሌላ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ስልኩን ስዘጋ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ የባነሩ ናሙና ተዘርግቷል፤ መሀል ላይ፣ ከሁሉም ተልቆ የተቀመጠው ፎቶ የእሷ ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልናገር። የምሠራው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የቀድሞ ተማሪዎችን ጉዳይ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር በሥራቸው አንቱ የተባሉ ምሩቃንን እንሸልም ተባለ። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ። በፌስቡክና በቴሌግራም ጥቆማ ጠየቅን። ሰው ጓደኛውን ጠቆመ፣ መምህራንም የሚያስታውሷቸውን ጠቆሙ። በሁለት ሳምንት ከስድሳ በላይ ስም መጣ።

የእሷን ስም ያነሱት አንድ ነባር መምህር ናቸው። «እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሆናለች» አሉ። ሌላ ሰው ደግሞ የ10ኛ ክፍል የጋራ ፎቶ አመጣ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች። በቃ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀብንም።

በዚያው ስብሰባ ላይ ግን አንድ ሰዓት ተኩል የተከራከርንበት ጉዳይ ነበር። ከተጠቆሙት አንዱ በሕይወት የሉም። ለሞተ ሰው ሽልማት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። የኖቤል ሽልማት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሕይወት ለሌለ ሰው እንደማይሰጥ፣ አሸናፊው ይፋ ከተደረገ በኋላ ከሞተ ግን እንደማይሰረዝበት ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንቲስቱ ራልፍ ስታይንማን የሕክምናውን ሽልማት እንዳሸነፈ ሲነገር እሱ ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ነበር፤ ሸላሚዎቹ ማረፉን ሳያውቁ ስለወሰኑ ሽልማቱ ጸናለት። ሰው ራሱን መጠቆም እንደማይችል፣ የተጠቋሚዎች ስም ለ50 ዓመት በምስጢር እንደሚያዝ ሁሉ አብራርቻለሁ። ይህን ሁሉ አንብቤ የሄድኩት ሰው፣ ከቢሮዬ ሦስት በር አልፎ ያለውን መዝገብ ቤት አላንኳኳሁም። ማጣራት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። የሌላ የማንም አልነበረም።

መስፈርታችንን አሁን ሳየው ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው። «በሙያው ስመ ጥር የሆነ» ይላል። የት ደረሰ እንጂ ከእኛ እንዴት ወጣ የሚል ጥያቄ የለበትም።

ስልኩን እንደዘጋሁ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤቱን የሚይዙት ሰው ጡረታቸው የደረሰ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ናቸው። ስሟን ስነግራቸው ኮምፒውተሩን አልነኩም። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ከበሩ ጀርባ ያለውን የብረት ካቢኔት ከፈቱ። «ከዚህ ነው የምትገኘው፣ ልጄ» አሉኝ። ሦስተኛው መሳቢያ ነው። ከላዩ ምንም ጽሑፍ የለውም።

ፋይሏ ስስ ነው። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «ቀሪ ክፍያ አለባት። መሸኛም ሆነ ትራንስክሪፕት እንዳይሰጥ።» ፊርማና ማኅተም አለው። ውስጡ ጉርድ ፎቶዋ አለ፤ የስቴፕለሩ ሽቦ ዝጎ ግንባሯ ላይ ቡናማ ነጥብ ጥሏል። የ11ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ውጤቷም አለ። ከ48 ተማሪ 2ኛ። ከእሱ ሥር ከደብተር የተቀደደ ባለ መስመር ወረቀት አገኘሁ። የእናቷ ማመልከቻ ነው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ አንዳንዱ ቃል ላይ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። ያለባትን ዕዳ ቀስ እያለች እንደምትከፍል፣ እስከዚያው ግን ልጇ ሌላ ቦታ ተመዝግባ እንድትማር መሸኛውን እንዲሰጧት ትለምናለች። ኅዳጉ ላይ በዚያው ቀይ ቀለም አንድ ቃል ሰፍሯል። «አይቻልም።»

ቆሜ ሳነበው ጋሼ ወንበር ሳቡልኝ።

እናት ያን ማመልከቻ ስታስገባ እኔ እዚህ አልነበርኩም። የዛሬው ርዕሰ መምህርም አልነበሩም። ግን በስልክ «አባራችሁኛል» ማለት ስትችል «ተባረርኩ» ያለችው ልጅ ፊት፣ እኔ ያኔ አልነበርኩም ማለት ምን ይፈይዳል? ዛሬ በስሟ ልንኮራ የተነሳነው እኛ ነን። በስሟ ከኮራን ፋይሏም የእኛ ነው።

ፋይሉን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ጋ ገባሁ። መጀመሪያ የተናገሩት ማንኛውም ኃላፊ የሚለውን ነው። «አግባቢያት። ዕዳውን እንሰርዝላታለን፣ ትምጣ። ብሮሸሩ እኮ ማተሚያ ቤት ገብቷል።» ቀጥለው ደግሞ መሸኛ መያዝ የሁሉም የግል ትምህርት ቤት አሠራር ነው አሉ። አልፈርድባቸውም። የግል ትምህርት ቤት የሚኖረው በክፍያ ነው። የመምህሩም የጥበቃውም ደመወዝ ከዚያው ነው የሚወጣው፤ አንዱ ሳይከፍል ሲቀር ጉድለቱን የሚሸፍነው ሌላው ወላጅ ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ። ነገር ግን ዕዳው የወላጅ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ የልጅ ነው። ወላጅን በሕግም በሽማግሌም መጠየቅ ይቻላል። መሸኛ ሲያዝ ግን በመያዣነት የተቀመጠው ልጁ ነው። እንደውም ሁሉም ጋ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በዕዳ ምክንያት የተማሪን ትራንስክሪፕት እንዳይዙ በሕግ ከልክላለች። ይህንን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

ከዚያ ንግግሩን አነሳሁ። በበዓሉ ላይ የሚያነቡትን ንግግር ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጌ የጻፍኩት መስሎኝም ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች የሚጠሩበት አሉምናይ የሚለው የላቲን ቃል «መገበ፣ አሳደገ» ከሚል ግስ እንደመጣ፣ ሰው የተማረበት ትምህርት ቤት የሚጠራበት አልማ ማተርም «መግባ የምታሳድግ እናት» ማለት እንደሆነ ጽፌያለሁ። በአሜሪካ ዊሊያምስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1821 ፕሬዝዳንቱ ከፊሉን ተማሪ ይዞ ሄዶ ኮሌጁ ሊዘጋ ሲል የቀድሞ ተማሪዎቹ ማኅበር አቋቁመው እንደደረሱለትም አንስቻለሁ። ማኅበሩ እስከዛሬ አለ። መዝጊያው ላይ «እኛ ያበላናችሁ ልጆቻችን» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ።

«ይህን ከእሷ ፎቶ ሥር ቆመው ሊያነቡት አይችሉም» አልኳቸው። የእናቲቱን ማመልከቻ አወጣሁና ጠረጴዛቸው ላይ አደረግኩት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሲጨርሱ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ መልስ የተጻፈበት መስሏቸው ይሆናል። ባዶ ነው። «ሂሳብ ክፍልን ጥሪልኝ» አሉ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ መጥታ የቀረውን ዕዳ ፈለገች። የለም። የድሮ መዝገብ ድረስ ሄዳ ስትመለስ የነገረችን ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ዕዳው ከብዙ ዓመት በፊት «የማይሰበሰብ ሂሳብ» ተብሎ ተሰርዟል፤ በኦዲት ጊዜ ከሌሎች ጋር ተጠቃልሎ ወጥቷል። ሂሳብ ክፍል የሰረዘውን ለመዝገብ ቤት የነገረ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ከረሳው ዓመታት አልፈዋል። ካቢኔቱ ግን እንደተቆለፈ ነው።

በማግስቱ ደግሜ ደወልኩላት። አንቱ ስላት «ተይው፣ እኩያ ሳንሆን አንቀርም» አለችኝ። ያገኘሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ቀዩን ጽሑፍም፣ የእናቷን ማመልከቻም። ማመልከቻው ተቀምጦ መቆየቱን አታውቅም ነበር። ከተባረረች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት በእጇ የነበረውን የ10ኛ ክፍል ውጤት አይቶ ተቀበላት፣ 11ኛንም ከመጀመሪያው ጀመረች። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ምሬት አልነበረም። ሥራ ላይ ስለነበረች ከኋላዋ ሰው ሲጠራት ይሰማኝ ነበር።

ቢሆንስ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አልመጣም። ፎቶዬንም ከባነሩ አውርዱት። ቂም ይዤ እንዳይመስልሽ፤ ያልሰጣችሁኝን ሰጠናት ብላችሁ በአደባባይ እንዳትናገሩ ነው። ሽልማቱ ይቅር፣ ወረቀቴን ስጡኝ።»

ሐኪም ከሆነች በኋላ የ11ኛ ክፍል ወረቀት ምን ያደርግላታል ብዬ አሰብኩ። ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ። «ለእናቴ ነው። እስካሁን ያቺን ወረቀት ማስወጣት አልቻልኩም እያለች ራሷን ትወቅሳለች።»

ትራንስክሪፕቱን ጋሼ ራሳቸው አዘጋጁት። አንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከሮስተሩ ጋር ሁለቴ አመሳከሩት። ርዕሰ መምህሩ ፈረሙበት፣ ከመሸኛው ጋር አንድ ደብዳቤም ጨመሩ። ደብዳቤው አጭር ነው። መሸኛው ያኔ ሊሰጥ ይገባ እንደነበር፣ በመከልከሉም ይቅርታ እንደሚጠይቁ ይናገራል። እኔ አላረቀቅኩትም። በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት።

እናትና ልጅ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ቢሮ እንዲገቡ ብንለምናቸው እናትየዋ አልፈለጉም፤ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ፖስታውን ይዘው ወጡና በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። እናትየዋ ከፍተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ዓይናቸው ስለደከመ እያነበቡት አልነበረም። «ደረጃዋ አለበት?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አሳዩዋቸው። «ይኸውና፣ 2ኛ።» እናትየዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «1ኛ ነው የወጣሁት ብለሽኝ አልነበር?» ዶክተሯ እንደ ልጅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ቀጥሎ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ እናትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዓሉ ጥሩ ሆኖ አለፈ። የተሸለሙት ስምንት ናቸው። ባነሩ እንደገና ታተመ፣ ከብሮሸሩም አንድ ገጽ ወጣ። ከንግግሩ «ያበላናችሁ» የሚለው ቀርቷል። ስለ እሷ መድረክ ላይ አንድም ቃል አልተነሳም። የጠየቀችው ያንን ነው።

አሁን የሥራዬ ቅደም ተከተል ተለውጧል። ጥቆማ ሲመጣ በመጀመሪያ ፋይሉን አወጣለሁ፤ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ እንዴት ወጣ። ቀጥዬ ለሰውየው እደውላለሁ። እንኳን ደስ አለዎት አልልም፤ ስምዎ ተጠቁሟል፣ እንዲነሳ ይፈቅዳሉ ወይ ነው የምለው። ኮሚቴው ስሙን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ባነርና ብሮሸር መጨረሻ ላይ። ከተጠየቁት መካከል አይሆንም ያሉኝ አሉ፤ ምክንያታቸውን አልጠይቅም። ሂሳብ ክፍልም ዕዳ ሲሰርዝ ለመዝገብ ቤት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ተደርጓል። መሸኛ በዕዳ መያዝም በእኛ ትምህርት ቤት ቀርቷል፤ ውሳኔው በቀላሉ አልመጣም፣ ሁለት ስብሰባ ፈጅቷል።

ሦስተኛውን መሳቢያ ከጋሼ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጠን ቆጠርነው። በቀይ የተጻፈባቸው 43 ፋይሎች ናቸው። ትራንስክሪፕታቸው ተሠርቶ አልቋል፣ እያንዳንዱ በፖስታው ነው። እስካሁን 17ቱ ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። በቀሩት ላይ የተመዘገቡት ስልኮች አብዛኞቹ አይሠሩም። ጋሼ ጡረታቸውን አራዝመው በየክፍሉ ሮስተር አብረው የተማሩትን እየፈለጉ ይደውላሉ፤ ትናንት ማታ አንዱ ጓደኛውን አውቀዋለሁ ብሏቸው ቁጥሩን ሰጥቷቸዋል፣ ዛሬ ስገባ ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁት።