ሞያሌን በእግር መሻገር

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ሌሊት ስለማይነዳ ዲላ ወይም ቡሌ ሆራ ማደር አለ። ስለ መንገዱ ይህ ይበቃል።

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት፤ አንዷ ኢትዮጵያ፣ ሌላዋ ኬንያ ውስጥ። ወዲህም ወዲያም ኦሮምኛ ይወራል፤ ሰው የሚሳሳተውም ድንበሩ ድንበር ስለማይመስለው ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ሥራው እንዲህ ነው፦ የሁለቱም አገር ኢሚግሬሽን የሚቀመጠው ተጓዡ በሚገባበት አገር በኩል ነው። ስለዚህ ወደ ኬንያ ስትሄዱ የኢትዮጵያን መውጫ ማህተም የምታስመቱት ኬንያ ምድር ላይ ነው። መጀመሪያ የእኛ መስኮት፣ ቀጥሎ የእነሱ። ሰልፉ አጠረ ብሎ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ፣ ወይም መውጫውን ሳያስመቱ ማለፍ፣ መዘዙ ስትመለሱ ይመጣል።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ካርድ ግን ያዙ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው መሮጥ ዋጋ የለውም።

እኔን የሚያበግኑኝ መንዛሪዎቹ ናቸው። ከባጃጅ ሳትወርዱ ይከቧችኋል። ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሽልንጉን አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ቁጠሩ፤ መሀል የታጠፈ ኖት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ለምሳና ለሲም ካርድ የሚሆን ብቻ መንዝሩ። ሲሙ በፓስፖርት ይመዘገባል።

ደስ የሚለው ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል፤ «ሳ ሞጃ» ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ጣጣው ትኬቱ ላይ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 7 ተብሎ መጻፉ! የአውቶቡስ ረዳት «ሳ ኩሚ» ካላችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ቴን» ካላችሁ ግን ወይ ጠዋት 4፣ ወይ ማታ 4 ነው። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

መኪና በግራ ስለሚነዳ አስፋልት ስትሻገሩ ቀድማችሁ ወደ ቀኝ እዩ። የስልክ ቻርጀራችሁ ሶኬታቸው ውስጥ አይገባም፤ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ማስተላለፊያ ከዚያው ሱቅ ግዙ።

ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ከተማ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ጥሩ አስፋልት ነው፤ የሚያንገላታው ፍተሻው ነው። ፓስፖርቱን ሻንጣ ውስጥ የቀበረ ሰው መሀል ላይ ያለችው ማርሳቢት ሳይደርስ ደጋግሞ ሻንጣ ያስወርዳል።