ቆሞ ለሚውል ቮልስ ምን ዓይነት ዘይት?

ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ የምትውል፣ ለሠርግና ለበዓል ብቻ የምትወጣ ቮልስ ያለው ሰው በሞተር ዘይት ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ «ብዙ ስለማትነዳ ዘይቷ አልተበላሸም» ብሎ ሦስት አራት ዓመት ማቆየት ነው። ሌላው «አሮጌ ስለሆነች ወፈር ያለ ይሻላታል» ብሎ ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ነው። ሞተር ቶሎ የሚጨርሰው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታው ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ከቃጠሎው የሚመጣው አሲድና ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚንም አብረውት ይወርዳሉ። መኪናዋ ደብረ ዘይት ደርሳ የምትመለስ ከሆነ ዘይቱ በደንብ ይግላል፣ ውሃውም ቤንዚኑም ተንኖ ይወጣል። ግቢ ውስጥ «ባትሪዋ እንዳይሞት» ተብሎ ጠዋት ጠዋት ለ5 ደቂቃ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ብቻ የምትነሳ ከሆነ ግን ሞተሩ ውሃውን ያመርታል እንጂ አያተነውም። በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሚደረግባት መኪና ይልቅ ሁለት ወር ሙሉ ያልተነካችው ዘይቷ ይሻላል። ማስነሳት ካለባችሁ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢያንስ 30 ደቂቃ ንዷት። ለባትሪው ከሆነ ደግሞ አንዱን ገመድ ነቅሎ ማቆየት ይበቃል።

ምልክቱን ለማየት የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡት። ከሥሩ ቡናማና ነጭ የተቀላቀለበት፣ እንደ ተመታ ቅቤ ያለ ነገር ከተለጠፈ ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል ማለት ነው። ይህች ሞተር በአየር ስለምትቀዘቅዝ «ቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ የራዲያተር ውሃ ገባ» የሚባል ነገር የለባትም፤ ያ ውሃ ከቃጠሎና ከአየር እርጥበት የመጣ ነው። ክረምት ላይ ይብሳል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ አገር የተዘጋጀ ካርቡራተር፣ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ካልተስተካከለ፣ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቾኩ (የካርቡራተሩ የአየር መክደኛ) ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ ይበዛል። ይህ ትርፍ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥብና ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና 20ደብሊው50 ተሞልቶላት ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቀጭኑ 30 ቁጥር የሚፈስ ዘይት የሚገኝባት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ቆማ ለምትውል ቮልስ የዘይት ጊዜ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሄድም በዓመት አንዴ ይቀየራል። ፋብሪካው በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ያለው ሞተሯ የዘይት ፊልትሮ ስለሌላት ነው፤ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። ክረምቱን ሙሉ የምትቆም ከሆነ ግንቦት መጨረሻ ላይ ቀይሩላት፣ ከዚያ አዲሱ ዘይት በየቦታው እንዲዳረስ 20 ደቂቃ ነድታችሁ አቁሟት። ብዙ ሰው የሚቀይረው መስከረም ላይ፣ መኪናዋን ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ አሲድ ያለበት አሮጌ ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ለስላሳ ብረት) ከሦስት ወር በላይ ሲበላ ከርሟል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 20ደብሊው50 ሲባል የፊተኛው ቁጥር በብርድ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ይነግራል። 20ደብሊው ዘይት ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ በወረደ ብርድ እንኳን እንዲፈስ ተፈትኖ ነው የወጣው፤ የኅዳር ውርጭ ለእሱ ምንም አይደለም። ስለዚህ እኛ አገር 0ደብሊው ወይም 5ደብሊው ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለዚህች መኪና ትርፍ የለውም። የሚያስጨንቀው የኋለኛው ቁጥር ነው።

የቮልስ መመሪያ መጽሐፍ ለሞቃት ወራት 30 ቁጥር ነጠላ ዘይትን (አንድ ቁጥር ብቻ ያለውን) ያዛል፤ 40 ቁጥርን ያስቀመጠው ሁልጊዜ ለሚሞቅ የሐሩር አገር ነው። 50ን የለመድነው እኛ ነን። የወፈረ ዘይት የሚያመጣውን ችግር ለማየት የዘይቱን መንገድ ማወቅ ይበቃል፦ ከፓምፑ ቀጥሎ ግፊት ሲበዛ የሚከፈት ቫልቭ አለ። ዘይቱ ወፍራም ወይም ቀዝቃዛ ሲሆን ግፊቱ ይህን ቫልቭ ይገፋውና ዘይቱ ማቀዝቀዣውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ብሮንዚናዎቹ ይሄዳል። ለብርድ ማስነሻ ጊዜ ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይት ቫልቩን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ያቆየዋል፤ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። «ሞተሯ ትሞቃለችና ወፍራም አድርጉላት» የሚለው ምክር በዚህች ሞተር ላይ የተገላቢጦሽ ሊሠራ ይችላል። በተጨማሪም ጠዋት የተነሳው ከፍተኛ ግፊት ያረጀውን የዘይት ማቀዝቀዣ ከላስቲኮቹ ላይ ያስተፋዋል።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ ይህ ነው፦ ለአዲስ አበባ፣ ለደሴ፣ ለጎንደርና ለመሰል ደጋና ወይና ደጋ 15ደብሊው40 ወይም 20ደብሊው40፤ ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላ፣ ለአፋር ቆላ 20ደብሊው50። ሞተሩ በጣም ተበልቶ የዘይት መብራቱ ሲሞቅ በሚኒሞ ላይ ብልጭ ድርግም ካለ ደጋም ላይ 20ደብሊው50 ይደረጋል፤ ያ ግን የሞተር ማደሻ ገንዘብ እስኪጠራቀም ድረስ ነው። መብራቱን የሚያበራው ስዊች የሚሠራው ከግማሽ ባር በታች በሆነ ግፊት ስለሆነ፣ መብራቱ ጠፋ ማለት ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። መካኒኩ ጌጅ ያስገባና ዘይቱ ሞቆ በደቂቃ በ2,500 ዙር ይለካ፤ 2 ባር ገደማ ካገኘ ሞተሩ ጤነኛ ነው።

በጀሪካኑ ጀርባ ላይ ደግሞ የዘይቱን ደረጃ የሚናገሩ የኤፒአይ ፊደላት አሉ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው፤ ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ በራቀ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስጄ፣ ኤስኤል፣ ኤስኤም፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ እያለ ይሄዳል። ለዘመናዊ መኪና አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል። ለቮልስ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም ዚንክ ነው። ካምሻፍቷ ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ታፔት የሚገፋው ጠፍጣፋ ፊት ለፊት እየተፋተገ ነው፣ መሐላቸው የሚሽከረከር ሮለር የለም። ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚያደርገው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ነው። ይህ ቅመም በአዳዲስ መኪኖች ማርሚታ ውስጥ ያለውን ጭስ አጣሪ ካታሊስት ስለሚያበላሽ ደረጃ አውጪዎቹ መጠኑን እየቀነሱ መጡ። ከዚህ ተነስቶ «አዲስ ዘይት ሁሉ ቮልስ ይገድላል» የሚል ወሬ ተስፋፍቷል። ወሬው ግማሽ እውነት ነው። ጥብቁ ገደብ የተጣለው እንደ 5ደብሊው20፣ 5ደብሊው30 እና 10ደብሊው30 ባሉት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ነው፤ 15ደብሊው40ን እና 20ደብሊው50ን አያስርም። ቮልስ የምትፈልገው ውፍረትም ይኸው ስለሆነ፣ በትክክለኛው ቁጥር የተገዛ ተራ ሚኒራል ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለበለጠ እርግጠኝነት ጀሪካኑ ላይ ሁለቱም ፊደል ያለበትን፣ ለምሳሌ ሲአይ-4 እና ኤስኤል ተብሎ የተጻፈበትን 15ደብሊው40 ውሰዱ። የከባድ መኪና ዘይት ነው፤ ከአሲድ ጋር የሚታገል ቅመሙ ብዙ ነው፣ ቆማ ለምትውል መኪና የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

«ፊልትሮ ስለሌላት ቆሻሻ የማያጥብ ዘይት ይሁን» የሚሉም አሉ። ፋብሪካው ራሱ ያዘዘው ኤችዲ፣ ማለትም የሚያጥብ ዘይት ነው። የማያጥበው ቆሻሻውን ሞተሩ ውስጥ አጋግሮ ይተወዋል፣ የሚያጥበው ይዞት ሲፈስ ይወጣል። ለዚህ ነው ዘይቱ ቶሎ የሚጠቁረው፣ መጥቆሩም የሥራው ምልክት ነው። ሲንተቲክ መጥፎ አይደለም፤ ግን በየዓመቱ ለሚደፋ ዘይት ያን ያህል መክፈል ብክነት ነው። በላዩ የሚጨመሩ ማወፈሪያዎችን ግን ተዉአቸው፤ የዘይቱን ቅመም ያዛባሉ፣ የተበላ ብሮንዚናንም አይመልሱም።

ሲገዛ ከበርሜል የሚቀዳ ዘይት አይገዛ። የክዳኑ ቀለበት ሳይሰበር፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይል ሳይነካ፣ የምርት ቁጥሩ ሳይፋቅ መሆኑን እዩ። ባዶውንም ጀሪካን በምስማር ብሱት፤ ቆሻሻ ዘይት ተሞልቶበት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ። ቮልስ የምትወስደው 2.5 ሊትር ነው፤ የ5 ሊትር ጀሪካን በልኩ ሁለት ጊዜ ይሆናል።

አቀያየሩ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ንዱ፣ ዘይቱ ሞቅ ብሎ ቆሻሻውን ይዞ እንዲወርድ። ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከሞተሩ ሥር ሳፋ አድርጉ። መሐል ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን እንደ ሞዴሉ በ19 ወይም በ21 ቁጥር መፍቻ ፍቱ፤ አንዳንድ የኋላ ሞዴሎች ይህ ቡሎን የላቸውም፣ ክዳኑ ራሱ ይፈታል። ዘይቱ ሲጨርስ ክብ ክዳኑን የያዙትን ስድስት ዳዶዎች በ10 ቁጥር ፈትታችሁ ወንፊቱን አውርዱ። ብዙ ጋራዥ ይህን አይፈታም፤ ቡሎኑን ብቻ ከፍቶ ይዘጋል። ለዚህ ነው አንዳንዷ ቮልስ ወንፊቷ ላይ የዓመታት ጭቃ ተሸክማ የምትገኘው። ወንፊቱን በላምባና በብሩሽ እጠቡት፣ ከክዳኑ ግርጌ የተቀመጠውን ዝቃጭ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በፀሐይ እዩት። ጥቁር ለስላሳ ዝቃጭ ያለ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ቅጠልያ ካለ ማግኔት አስጠጉ፤ ከተያዘ ብረት ነው፣ ካልተያዘና ብርማ ወይም ነሐስማ ከሆነ ብሮንዚና እየተበላ ነው።

ሲገጠም ከወንፊቱ በላይና በታች አዳዲስ የወረቀት ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ከዳዶዎቹ ሥር አዳዲስ የመዳብ ቀለበት። የወንፊቱ ቀዳዳ የዘይት መምጠጫውን ቱቦ ጥብቅ አድርጎ መያዙን በጣት ዳስሱ፤ ክፍተት ካለ ፓምፑ ቆሻሻውን በጎን ይስባል። ከዚያ ትዕግሥት። የስድስቱ ዳዶዎች ልክ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በአጭር መፍቻ፣ በሁለት ጣት ጉልበት፣ በመስቀል ቅደም ተከተል። «እንዳያፈስ» ተብሎ በኃይል ሲጠበቅ ክዳኑ ይታጠፍና ጭራሽ ያፈስሳል፣ የሞተሩ አካል ለስላሳ ስለሆነም የቡሎኑ ጥርስ ተነቅሎ ይመጣል። የማፍሰሻው ቡሎን 34 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

2.5 ሊትር ሙሉ፣ አስነሱ፣ የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ሞተሩን አጥፉ፣ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ በመለኪያው ዘንግ እዩ። ከላይኛው ምልክት አይለፍ። ከፑሊው ጀርባ ዘይቱን የሚይዘው ፓራኦሊዮ (የላስቲክ ቀለበት) ሳይሆን ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልስ ጠመዝማዛ ጥርስ ስለሆነ፣ ከሞላ በላይ ሲሆን በዚያ በኩል ይወጣና ቺንጋውንና የሞተሩን ክፍል ያለብሳል።

ከዚያ በኋላ ዘንጉን ማየት የሚያስፈልገው ቀነሰ ወይ ለማለት ብቻ አይደለም። ጨመረ ወይ ለማለትም ነው። ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ ቤንዚን ገብቷል። ዘንጉን አሽትቱት፤ ከዚያ አንድ ጠብታ በነጭ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣሉና ሌሊቱን ያድር። ጥቁሩ መሐል ላይ ቀርቶ ዙሪያውን ሰፊና ጥርት ያለ ቀለበት ካበጀ፣ ሽታውም ቤንዚን ከሆነ፣ የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ሜምብራና ተቀዷል ወይም የካርቡራተሩ መርፌ አይዘጋም። ያ ሳይጠገን ሞተሩ አይነሳ፣ ዘይቱም ከጥገናው በኋላ እንደገና ይቀየር። ቆማ ከርማ ስትነሳ ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰማያዊ ጭስ ብትለቅ አትደንግጡ፤ ሲሊንደሮቿ የተጋደሙ ስለሆኑ ቆማ ሳለች ጥቂት ዘይት ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ከሦስት ወር በላይ ከቆመች በቁልፍ ብቻ አታስነሷት። የዘይት ፓምፑ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነቅላችሁ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት፣ ከዚያ በ10 ሴኮንድ እየቆረጣችሁ፣ በመሐል ስታርተሩን እያሳረፋችሁ አዙሩ። የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ገመዱን መልሱና አስነሱ። ከብዙ ሙከራ በኋላም ካልጠፋ ፓምፑ ይፈታ፣ ጥርሶቹ ቫዝሊን ተቀብተው ይመለስ።

ላዳ ያላችሁም ከላይ ያለው አብዛኛው ይሠራላችኋል። የላዳ 2101 ሞተር ከነፊልትሮው 3.75 ሊትር ይወስዳል፣ ካምሻፍቱም እየተፋተገ የሚሠራ ስለሆነ የዚንኩ ነገር ለእሱም ነው። ፊልትሮ ስትገዙ ውስጡ ዘይት እንዳይመለስ የሚይዝ የላስቲክ ቫልቭ ያለውን ምረጡ፤ የሌለው ከሆነ ቆማ ያደረች ላዳ ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሴኮንድ ከላይ ታንኳኳለች።