ሰባተኛዋ ቃል

ሪያድ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች ዐረብኛ የማስተማር ሥራ አገኘሁ። ሥልጠናው አጭር ስለሆነ ቸኮልኩ። በቀን 30 ቃል ሰሌዳ ላይ እደረድራለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ እኔ ስጠራ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ቅዳሜ ፈተና ነው። ብዙዎቹ ይደፍናሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ።

በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ ማዳም ነኝ» አልኳቸው። መጥረጊያ፣ ካውያ፣ ባልዲና ድስት ክፍሉ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ከደሴ አካባቢ የመጣች፣ ፈተናውን የደፈነች ልጅ ነበረች። እሷን አስነሳሁና፣ ማዳሞች እንደሚሉት ፈጠን አድርጌ፣ «ጂቢ አል ሚክነሳ!» አልኳት።

(ጂቢ ለሴት «አምጪ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዷ «ጅብ ነው እንዴ የሚሉኝ ቲቸር?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ስላፈረሰችው፣ ይህችን ቃል የረሳ የለም።)

ልጅቷ ጭጭ። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ቀረብ ብዬ ሳይ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። ሰላጃ፣ ገሳላ፣ ሚክዋ... ሰባተኛው ጣት ላይ ፊቷ በራ። «መጥረጊያ!» ብላ ሮጣ አመጣችልኝ።

ሚክነሳ ሰሌዳዬ ላይ ሰባተኛ ነበረች። ልጅቷ ቃሏን ታውቃታለች፤ ግን ስድስቱን በር ሳታንኳኳ አታገኛትም። እውነተኛዋ ማዳም ደግሞ እስከ ሰባት አትታገስም።

ያን ማታ፣ እኔስ እንዴት ተማርኳት ብዬ አሰብኩ። ማንም አልጻፈልኝም። ሴትየዋ ሚክነሳ ስትለኝ ባልዲ አመጣሁ። ስትደግመው መወልወያ። በሦስተኛው እጄን ይዛ ወስዳ መጥረጊያው ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወዲህ ጠፍታኝ አታውቅም።

ሠላሳውን ወደ ስምንት አወረድኩት። ጠዋት ጠዋት ደብተር ይዘጋል፤ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ዕቃ እያወጣሁ እጠይቃለሁ፣ ቅደም ተከተሉን በየቀኑ እያመሳቀልኩ። ቃላቱን በካርድ ጽፈን የጫማ ካርቶን ውስጥ ከፋፍለን አስቀመጥን። የተሳተችው ነገ ትመለሳለች፤ የታወቀችው ወደ ኋላ ትሄድና ከሦስት ቀን፣ ከሳምንት በኋላ ትጠየቃለች። አዲስ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ጀርመናዊው ዜባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከእሱም በፊት ኤቢንግሃውስ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እየሸመደደ ፈትኖ፣ መርሳት የሚበረታው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፏል። እኔ ደግሞ የሰኞን ቃል እስከ ቅዳሜ ዞር ብዬ አላያትም ነበር።

ይበልጥ የጠቀመን ግን የሱቁ ጨዋታ ነው። ዐረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዘይት ዘይት ነው፣ ቤት በይት፣ ዐይንም ዐይን። ልጆቹ በዚህ ደስ ይላቸዋል። ዘመድ ግን ጉድ ይሠራል። ወረቀት ቆራርጠን ብር አደረግነውና እኔ ባለሱቅ ሆኜ «ኸምሳ ርያል» አልኩ። አንዷ ቆጥራ ሃምሳ ሰጠችኝ። ኸምሳ አምስት ነው! ሰብዓም ሰባት እንጂ ሰባ አይደለም፤ ሰማንያ የሚመስለውም ስምንት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸው ነበር፣ ሁለት ጊዜ ከስሬ አስምሬበት። የገባቸው ግን የወረቀት ብራቸው አልቆ ዱቄቱን ሳይገዙ ሲቀሩ ነው። «ቲቸር መልስ ስጪን!» ብለው ጮሁ። በዐረብኛ ካልሆነ አልሰማም አልኩ።

አሁን ዕቃው ሁሉ ስቶር ነው የሚቀመጠው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ በዐረብኛ ያልጠየቀኝ አያገኘውም። በመጨረሻው ሳምንት ያችው የደሴዋ ልጅ ገና በሩን ሳላልፍ «ቲቸር፣ ዌን አል ሚፍታሕ?» አለችኝ። ጣቷን አላጠፈችም።

ቦርሳዬን በረበርኩ። ቁልፉ ቤት ቀርቷል።