የቀን ዝንብ በሌሊት ወጥመድ

የዳሰሳ ሪፖርቱ «በእርባታው ስቶሞክሲስ አልተገኘም» ይላል፤ ስቶሞክሲስ ከብት የሚነክስ ደም መጣጭ ዝንብ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ኩሊኮይድስ የተባሉት ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች ቁጥር በሺህ ተሞልቷል፤ በስቶሞክሲስ ረድፍ 0 ተጽፏል። ሪፖርቱን የተቀበለው መሥሪያ ቤትም በዚያው መሠረት ወሰነ፤ ዝንቡ የሚራባበትን የበረት ጉዝጓዝና የመኖ ትራፊ ማንሣት «አስቸኳይ አይደለም» ተብሎ ቆየ። በዚያን ጊዜ እርባታው ውስጥ ለምፒ ስኪን የተባለው፣ ቆዳ ላይ ጉብታ የሚያወጣ የከብት የቫይረስ በሽታ ገብቷል። ጊደሮቹ ከአንገት እስከ ጡት ጉብጉብ ብለዋል፣ የትከሻ ንፍፊታቸው በእጅ እስኪጨበጥ አብጧል። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ 0 የመጣው ስቶሞክሲስን ሊይዝ ከማይችል ወጥመድ መሆኑ ነው።

የተተከለው የኦንደርስቴፖርት የብርሃን ወጥመድ ነው። 8 ዋት የአልትራቫዮሌት ቱቦ፣ ከሥሩ ወደ ታች የሚስብ ማራገቢያ፣ ከታች ደግሞ ጥቂት ሳሙና የተጨመረበት ውኃ ያለው ዕቃ አለው። ሳሙናው የውኃውን ገጽ ስለሚያላላው የወደቀችው ትንኝ ሳትንሳፈፍ ትሰጥማለች። መግቢያው ዙሪያውን ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር በሆነ መረብ ይሸፈናል። መረቡ ከተረሳ ጠዋት ላይ የሚገኘው የእሳት እራትና የጥንዚዛ ክምር ነው፤ ከዚያ መሃል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነችን ኩሊኮይድስ መልቀም ዓይን ይፈጃል፣ በክንፏ ላይ ያለው ነቁጥም በእራቱ ብናኝ ተሸፍኖ አይለይም። ኩሊኮይድስ ለሚያስተላልፋቸው የከብትና የበግ በሽታዎች፣ ለብሉታንግና ለሽማለንበርግ ቫይረስ ጥናት ይህ ወጥመድ ተመራጭ ነው። በ2006 ብሉታንግ ሰሜን አውሮፓ ሲገባም ሆነ በ2011 ሽማለንበርግ ጀርመን ውስጥ ሲታወቅ፣ የኩሊኮይድስ ክትትሉ በብርሃን ወጥመድ ላይ የቆመ ነበር። ዕቃው ጥሩ ነው፤ የተጠየቀው ግን ሥራው ያልሆነውን ነው።

ስቶሞክሲስ በቀን ብርሃን የሚነክስ ዝንብ ነው። ሲመሽ ግድግዳ፣ አጥርና ዛፍ ላይ ያርፋል። ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ብርሃኑ ቢስበው እንኳ በዚያ መረብ አያልፍም። ወጥመዱ በሰዓቱም በመረቡም ዘግቶበታል ማለት ነው።

ይህን ነገር በረት ውስጥ ያነሣው የላሞቹ ጠባቂ ነው። ዳሰሳውን የሠራው ወጣት ሐኪም ወጥመዱን እየፈታ ሳለ ሰውየው ጠጋ ብለው ጠየቁት።

«ዶክተር፣ ይኼ ዕቃ የሚሠራው መቼ ነው?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ እናበራዋለን፣ ጠዋት እናነሣዋለን ጋሼ።»

«ቀንስ?»

«ቀን አይሠራም። ብርሃኑ የሚስበው በጨለማ ነው።»

«እኔ የምልህ ዝንብ እኮ ሲመሽ የለም። ረፋዱ ላይ ነው የፊት እግራቸውን የሚይዘው። መሬቱን እየደበደቡ አንድ ጥግ ይተፋፈጋሉ፤ መኖም አይቀምሱ።»

«የቤት ዝንብ ይሆናል።»

«የቤት ዝንብ ደም ያወጣል?»

ይህን ብለው አንዲት ላም እግር ሥር ቁጢጥ አሉ፤ ቅልጥሟ ላይ ካረፉት አንዱን በመዳፋቸው ከድነው አመጡና መረቡ ላይ አስቀመጡት። ክንፉ ተጎድቶ መብረር አልቻለም፤ መረቡ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ እንጂ በየትኛውም ቀዳዳ አልሾለከም። ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው ማንነቱ ግልጽ ነበር፦ ከራሱ ሥር ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የወጣ ጥቁር ጠንካራ መውጊያ፣ ሆዱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ። የቤት ዝንብ አፍ ለስላሳና ወደ ታች የሚንጠለጠል ነው፤ ይልሳል እንጂ ቆዳ አይበሳም። ሐኪሙም አየው፣ ለየውም። ከዚያ ቀና ብሎ «ፎርሙ የሚጠይቀው የወጥመዱን ውጤት ብቻ ነው» አለ።

በዚህ ልጅ አልፈርድም። ፎርሙ ለብሉታንግ ክትትል የተዘጋጀ ነው፤ ርእሱ ላይ የበሽታው ስም ብቻ ተቀይሮ ለለምፒ ስኪን እንዲያገለግል ተልኮለታል። የምፈርደው፣ በሽታው ሲለወጥ አስተላላፊውም፣ የሚነክስበት ሰዓትም፣ የሚፈለግበት ቦታም እንደሚለወጥ እያወቁ ያንኑ ፎርም ባሠራጩት ላይ ነው። በፎርሙ የተሞላ 0 ሰውየው በየቀኑ በዓይናቸው ከሚያዩት በልጦ ተወሰደ።

የለምፒ ስኪን ቫይረስ ዝንቡ ውስጥ ገብቶ አይራባም። ስቶሞክሲስ ንክሻው ስለሚያም ላሟ እግሯን ትመታለች፣ ጅራቷን ታወናጭፋለች፤ ዝንቡ ሳይጠግብ ተነሥቶ የቀረውን ደም አጠገብ ካለችው ላም ይሞላል። መርፌ ሳይለውጡ ከከብት ወደ ከብት እንደመውጋት ነው። ቫይረሱ በቆዳ ጉብታው ውስጥ ከደሙ ይልቅ እጅግ ስለሚበዛ፣ ጉብታ ላይ ወይም ጠርዙ ላይ የነከሰ ዝንብ ብዙ ይዞ ይነሣል። በ2019 የታተመ ሙከራ ስቶሞክሲስ በሽታውን ከታመመ ወደ ጤነኛ ከብት እንደሚያደርስ አሳይቷል። በ2001 የታተመው ደግሞ ኤደስ ኢጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ከታመመ ከብት ከነከሰች እስከ 6 ቀን ድረስ ልታስተላልፍ እንደምትችል ያሳየ ነበር። ስለዚህ ለለምፒ ስኪን ዳሰሳ የትንኝ ወጥመድ አያስፈልግም አልልም፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

የቀን ዳሰሳ የሚጀምረው ከእግር ቆጠራ ነው። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ነፋሱ ሳይበረታ፣ ከ15 ባላነሱ ከብቶች የፊት እግሮች ላይ ያረፈው ተናካሽ ዝንብ ይቆጠራል። ቆጣሪው ቀስ ብሎ ከጎን ይቀርባል፤ ጥላው እግሩ ላይ ካረፈ ዝንቡ ይነሣና ቁጥሩ ያንሳል። ሰዓቱ፣ ደመናው፣ ነፋሱ አብሮ ይጻፋል። በአንድ የፊት እግር በአማካይ 5 ዝንብ ከደረሰ እርምጃ ይወሰድ የሚለው የታወቀ ወሰን የወጣው ግን ከክብደትና ከወተት ኪሳራ አንጻር ነው። ቫይረስ ባለበት በረት ያንን ወሰን ጠብቆ መቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከታመመች ላም ተነሥቶ ጤነኛዋ ላይ ለማረፍ ብዙ ዝንብ አያስፈልግም።

ለወጥመዱ ቫቩዋ ወይም ንዚ ይተከላል። ሁለቱም ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ፣ ከላይ ነጭ የመረብ ሾጣጣ ያላቸው ናቸው። ሥራ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ሰማያዊው በፀሐይ ሲደበዝዝ የሚይዘው ይቀንሳል፤ ከገበያ የተገኘ ማንኛውም ሰማያዊ ጨርቅም እኩል አይስብም። ጥላ ውስጥ የተተከለ ወጥመድ ባዶ ይውላል። ቋሚው ላይ ቅባት ካልተቀባ ጉንዳን ወጥቶ የተያዘውን ይጨርሰዋል፤ መሰብሰቢያው ውስጥ የተቆራረጠ ክንፍና እግር ብቻ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ላሞቹ እንዳይታከኩበትም ከአጥር ውጭ መሆን አለበት፤ ግን ከበረቱ ሳይርቅ።

ከዚያ የዝንቡ ዕጭ፣ ገና ክንፍ ያላወጣው ትል፣ ይፈለጋል። ስቶሞክሲስ በብዛት የሚራባው ሽንትና እበት ጠጥቶ በበሰበሰ ገለባ ውስጥ ነው፦ ከመኖ ገንዳ ሥር፣ በአጥር ግርጌ፣ ጥጆች በሚያድሩበት ጉዝጓዝ። ላዩ ደርቆ ውስጡ የሞቀውን ክፍል በእጅ ሹካ መግለጥ ነው። ዕጩ ከቤት ዝንብ ዕጭ የሚለየው ከኋላው ያሉት ሁለት መተንፈሻዎች ተራርቀው በመቀመጣቸው ነው። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ዝንብ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ጉዝጓዙ በየሳምንቱ ከተነሣ አብዛኛው ዕጭ ክንፍ ሳያወጣ ይቀራል። የለምፒ ስኪን ክትባትም በቂ መከላከያ እስኪሰጥ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። የተከተበች ላም ገና ሳይዝላት በእነዚያ ሳምንታት መነከሷን ለመቀነስ ያለው መላ ጠረጋው ነው፤ «አስቸኳይ አይደለም» መባሉ ያናደደኝም ለዚህ ነው።

የቀን ወጥመዱ በተተከለ ዕለት፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ መሰብሰቢያው ውስጥ ስቶሞክሲስ ነበር። ዝንቦቹ በቡድን ተደርገው ፒሲአር በተባለው ዲኤንኤ ፈላጊ የላቦራቶሪ ምርመራ ሲመረመሩ የቫይረሱ ዲኤንኤ ተገኘ። ያው መሥሪያ ቤት አሁን ደግሞ «አስተላላፊው ተረጋግጧል» ተብሎ እንዲጻፍ ፈለገ፤ ዳግመኛ ክርክር ተነሣ። ከታመመች ላም ደም የጠጣ ዝንብ ሆዱ ውስጥ የቫይረሱ ዲኤንኤ ቢገኝ የሚነግረን ምን እንደበላ ነው። ፒሲአር የሞተውንም ያልሞተውንም ቫይረስ አይለይም። በቡድን ሲፈጭ ደግሞ አንድ ደም የጠገበ ዝንብ ቡድኑን ሁሉ «ፖዘቲቭ» ያደርገዋል። ስለዚህ ሆዳቸው በደም የተነፋው ተለይተው ወጡ፤ የቀሩት ታጥበው መውጊያው ያለበት ራስ ለብቻ፣ ሆድ ለብቻ ተደረገ። በየመሃሉ መቆንጠጫው ካልጸዳ ከሆድ የተነካካው ወደ ራስ ይሻገራልና፣ ከሥራው ሁሉ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው።

በራስ ናሙናዎቹም ዲኤንኤው ታየ። በስምምነት የገባው ቃል «በቀን ወጥመድ ስቶሞክሲስ ተይዟል፤ በራስ ክፍሉ የቫይረሱ ዲኤንኤ ተገኝቷል፤ ማስተላለፉ በዚህ ዳሰሳ አልተፈተነም» የሚል ነው። የመጨረሻውን ሐረግ ብዙዎች «ሪፖርቱን ያደክመዋል» ብለው ሊያስወጡት ነበር። ጠረጋውና ክትባቱ በአንድ ሰሞን ስለተካሄዱ፣ አዲስ ጉብታ መውጣቱ ሲቆም ምስጋናውን ለአንዱ ብቻ መስጠት አልተቻለም። ፎርሙ ላይ ግን ሁለት ዓምዶች እንዲጨመሩ ተደርጓል፦ ወጥመዱ የሠራበት ሰዓት፣ እና የፊት እግር ቆጠራ። የመጀመሪያውን ቆጠራ የሞሉት ጋሼ ናቸው።